እመቤቴ፣ ምን ልታዘዝ?

በዚያ የሐምሌ ሥላሴ ዕለት በሽተኛ በሚያክሙት በካቶሊክ እህቶቹ ግቢ የነበርነው እነዚህ ነን። እናቴ አስካለ፣ በአግዳሚው ወንበር ጫፍ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ። እኔ ከጎኗ ቆሜ። ታናሽ እህቴ ብርቄ ጀርባዬ ላይ ታዝላ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች፣ «የካቶሊክ ግቢ አልገባም» ብላ በሩ ላይ ጃንጥላዋን ይዛ። የድሮው ወታደር ጋሽ በዛብህ፣ ቁስሉ የማይደርቀውን እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ። ዘበኛው ጋሽ ቶላ። የቤቱ አለቃ፣ ሁላችንም ትልቋ እናት የምንላቸው ፈረንጅ መነኩሲት። ስማቸውን ሳይሆን ሳላቸውን የማውቀው ሌሎች በሽተኞች። እና ሲስተር ወለተማርያም፣ እናቴ እግር ሥር ተንበርክካ፣ ሁለቱም እጆቿ ሳፋው ውስጥ።

ማንንም እንዳልዘል ደጋግሜ አስባቸዋለሁ። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እናገራለሁ።

ነገሩን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ክረምት ልጄ ስታስል አድራ፣ መሪ ሰፈር ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ተራችንን ስንጠብቅ የፅዳት ሠራተኛዋ ወለሉን በዴቶል መወልወል ጀመረች። በተከፈተው መስኮት ደግሞ ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ ሸተተኝ። ሁለቱ ሽታዎች አንድ ላይ ሲመጡብኝ የልጄን እጅ ጨብጬ ያዝኩ። ሐኪሙ «ጉንፋን ነው» ቢለኝ አላመንኩትም።

«ደግመህ እይልኝ» አልኩት።

«እናት፣ ጉንፋን ነው አልኩሽ እኮ!»

ልጄ በእኔ አፍራ ወደ መሬት ታያለች። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት በሚጀምርበት፣ በዚያች ጭቃ ቤታችን ደጃፍ ቆሜ ነበር።

ከደጃችን ሁለት መንገድ ይወጣል። አንዱ ቁልቁል ወደ ቀበና፣ ወደ ካቶሊክ እህቶቹ ግቢ ይወርዳል። ሌላው በባሕር ዛፉ መሀል ሽቅብ ወጥቶ ጉም ውስጥ ይገባል፤ እሱ የጠበሉ መንገድ ነው። ያን ክረምት ኑሯችን በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ላይ ነበር።

አባታችን ከሞተ በኋላ እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር የምታሳድገን። ሳሉ የጀመራት ከፋሲካ በፊት ነው። በመጀመሪያ «ውሃው በርዶኝ ነው» አለች። ቀጥሎ ማታ ማታ ላብ ያጠምቃት ጀመር። ቀጥሎ መሀረቧን ከእኔ መደበቅ ጀመረች። በዚያ ዘመን ሰው ከሳለና ከከሳ ጎረቤት የሚያስበው በሽታ አንድ ብቻ ነው፤ ስሙ እንኳ በግልጽ አይጠራም። ሲስተር ወለተማርያም አክታዋን አስመርምራ «ሳንባ ነቀርሳ ነው፣ ይድናል» ስትላት እናቴ አለቀሰች። ያለቀሰችው ከደስታ ነው። ከግቢው ስንወጣ ግን እጄን ይዛ «ይህን ለማንም ብትናገሪ ልጄ አይደለሽም» አለችኝ። ለሰው ሁሉ የነገረችው ጨጓራዋን እንደሚያማት ነው።

በእህቶቹ ግቢ መድኃኒቱ ወደ ቤት አይሰጥም ነበር። በየማለዳው ሄዳ ሲስተር ፊት መዋጥ አለባት። እናቴ ዳገቱን ስትመለስ ዓይኗ ስለሚጨልምባት የእኔ ሥራ ምርኩዝ መሆን ነበር። ብርቄን አዝዬ፣ የእናቴን ክንድ በትከሻዬ ይዤ፣ የሚያንሸራትተውን ጭቃ በእግሬ ጣቶች እየቆነጠጥኩ እወጣለሁ። ስታስል ቆመን እናሳልፋለን። በሳለች ቁጥር መሀረቧን ሳታጥፈው በፊት ለማየት አንገቴን አሰግጋለሁ። አሁንም ሰው መሀረብ ሲያወጣ ዓይኔን መመለስ አልችልም።

ሲስተር ወለተማርያም አጭር፣ ፈጣን ሴት ነበረች። ግንባሯ ላይ ትንሽ የመስቀል ንቅሳት አላት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እትዬ ዘነበች «ስሟ የእኛ፣ ቤተክርስቲያኗ የሌላ!» እያለች ትገረምባት ነበር። የተወለደችው ኤርትራ ነው፤ አማርኛዋ ጥሩ ሆኖ «ቀ»ን ከጉሮሮዋ ታወጣታለች። በሽተኛው ክኒኑን ውጦ ውሃውን ሲጨርስ «ክፈት» ትላለች። ይከፍታል። «ምላስህን አንሳ።» ያነሣል። ጎንበስ ብላ ታያለች። እኔ ውሸት እየፈለገች ይመስለኝ ነበር። ውሸት ምላስ ሥር የሚቀመጥ ነገር ነው ብዬ አምኜ፣ ወደ እኔ ስትዞር አፌን ግጥም አድርጌ እዘጋለሁ።

ከአግዳሚው በላይ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል ነበር። ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው፣ ደረቱ ላይ ትልቅ ቀይ መስቀል ያለበት፣ በሽተኛ አቅፎ ተሸክሟል።

«መኪናው የት አለ?» ብዬ ጠየቅኋት አንድ ቀን።

«የምን መኪና?»

«የቀይ መስቀል ሹፌር አይደለም እንዴ?»

እስኪደክማት ሳቀች። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ ነገረችኝ። ከብዙ ዘመን በፊት በፈረንጅ አገር የነበረ ቅዱስ ነው። ወጣት ሳለ ወታደር ነበር፤ ያለውን ሁሉ በቁማር የጨረሰ። እግሩ ላይ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያልዳነ ቁስል ነበረበት። ለዚያ ቁስል ሊታከም ሆስፒታል ገብቶ በሽተኞቹ እንዴት እንደሚንገላቱ ሲያይ፣ ከዚያ ወዲያ የእነሱ አገልጋይ ሆነ። በሽተኞቹን «ጌቶቼ» ነበር የሚላቸው። ስሙንም ነግራኝ ነበር። ለአፌ ስለከበደኝ አልያዝኩትም፤ እኛ የበሽተኞቹ ቅዱስ ነበር የምንለው።

ጋሽ በዛብህ ይህን ታሪክ በሰማ ቁጥር አያልፈውም።

«ወታደር ነኝ። ቁማር እንደሆነ ከእኔ ወዲያ የለም። እግሬም ይኸው! የጎደለኝ ሥዕሉ ብቻ ነው።»

«ቅድስናውን ይጀምሩና ሥዕሉን እኔ አስልልዎታለሁ» ትለዋለች ሲስተር።

እግሩን የመታው ጥይት ሰሜን ነው ያገኘው፣ በደርግ ጊዜ፣ በእሷው አገር። እሷ ቁስሉን ስታጥብ ሕመሙን ለመርሳት ይለክፋታል። «እናንተው ትመቱኛላችሁ፣ እናንተው ትጠግኑኛላችሁ። ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?»

«እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ ጋሽ በዛብህ። ምናልባት አጎቴ ይሆናል የመታዎት። ዓይኑ ደካማ ነው፤ ሌላ ቦታ ሊመታዎት ፈልጎ ነው።»

አግዳሚው በሙሉ ይስቃል፤ ሳቁ ወዲያው ሳል ይሆናል።

ከእናቴ ጎን ፀሐይ የምትባል ወጣት ትቀመጥ ነበር። ፀጉሬን በየማለዳው ሠርታ የምትፈታልኝ እሷ ናት። ሳሉ ተዋት፣ ጉንጯ ሞላ፣ «እኔ ድኛለሁ» ብላ መምጣት አቆመች። ከዚያ አንድ ቀን ወንድሟ አዝሎ አመጣት። ነጭ አንሶላ ያለበት ክፍል አስገቧት። ከጥቂት ቀን በኋላ አግዳሚው ላይ ክፍት ቦታ ሳይ «እማዬ፣ ፀሐይ ድና ሄደች?» አልኳት። እናቴ እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው። በዚያ ክፍት ቦታ ማንም አልተቀመጠም። መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ምን እንደሚሆን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ሁለት ፍርሃት አብሮ ገባ። አንደኛው ከኤርትራ ጋር የተጀመረው ጦርነት ነው። የእትዬ ዘነበች ራዲዮ ቀኑን ሙሉ ስለ ድንበር ያወራል። እኔ የማውቀው ድንበር በእኛና በእትዬ ዘነበች መካከል ያለውን የባሕር ዛፍ አጥር ነው። በእሱ ሲጣሉ ስላየሁ ጦርነቱም አንዱ አጥሩን ሲገፋ ሌላው ሲመልስ ይመስለኝ ነበር፤ በማግስቱ የሚታረቁ። ቀበና ድልድይ አጠገብ ባለ ሱቅ ግን ባለሱቁ አንድ ቀን አልተገኘም። እቃው እንዳለ ነው። «ወደ አገሩ ላኩት» አሉ። አገሩ እዚህ አልነበረም እንዴ ብዬ ብጠይቅ፣ እናቴ በክርኗ ወጋችኝ።

ሁለተኛውን ፍርሃት ያወቅሁት ከሽንት ቤቱ ጀርባ ተደብቄ ነው። እናቴና እትዬ ዘነበች በአጥሩ ላይ ይንሾካሾካሉ።

«ሽንቴ ቀይ ነው ስልሽ! እንደ ደም።»

«ደም ነዋ! ክኒኑ ደምሽን እያቀለጠው ነው። አስካለ፣ እነዚህን ልጆች ለማን ልትተዪ ነው? እኔ ጠበሉን በሳምንት ተጠምቄ ወገቤ እንዴት እንደተነሣ አላየሽም?»

«መድኃኒቱን እየወሰድኩ ልጠመቅ?»

«ሁለቱን አንድ ላይማ እንዴት ይሆናል! ወይ አምነሽ ትገቢያለሽ፣ ወይ እዚያው ከካቶሊኮችሽ ጋር ትቀሪያለሽ።»

እናቴ ቀስ በቀስ እየተሻላት ነበር። እኔ አያለሁ፤ ዳገቱን ስንወጣ የምንቆምባቸው ቦታዎች እየቀነሱ ነው። እሷ ግን የምታየው ያንን ቀይ ነገር ብቻ ነበር። ለሲስተር ለመናገር አፈረች። ለመነኩሲት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል?

የበሽተኞቹ ቅዱስ በዓል ከእኛ ከሐምሌ ሥላሴ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። በዚያ ግቢ የበዓሉ ሥርዓት እንዲህ ነው። እህቶቹ የበሽተኞቹን እግር ያጥባሉ። አጥበው ሲጨርሱ እንደተንበረከኩ «ጌታዬ፣ ምን ልታዘዝ?» ይላሉ። በሽተኛው አንድ ነገር ያዛል። የታዘዘው ይፈጸማል፤ እምቢ አይባልም። ቅዱሱ በሽተኞቹን ጌቶቼ ይል ስለነበር ነው። ዛሬ ሻይ ቤት ገብቼ አስተናጋጁ «ምን ልታዘዝ?» ሲለኝ ለመመለስ የምዘገየው በዚህ የተነሣ ነው።

ያን ዕለት ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። እትዬ ዘነበች ቤተክርስቲያን ስማ ስትመለስ ተከትላን መጣች። ከጋሽ በዛብህ ተጀመረ። ትልቋ እናት ራሳቸው ተንበርክከው እግሩን አጠቡትና በተሰባበረ አማርኛ «ጌታዬ፣ ምን ልታዘዝ?» አሉት።

«ጋሽ ቶላ ይዝፈንልኝ!» አለ።

ዘበኛው ጋሽ ቶላ ዱላውን ጥሎ ሊሸሽ ነበር። ትእዛዝ ነውና ተይዞ መጣ። በኦሮምኛ የዘፈነውን ግማሹ አልገባንም፤ ግን ድምፁ ሲሰበር ፍየል ይመስል ነበርና ሳቅን። ሌላዋ እንቁላል ጥብስ አዘዘች። ሌላው ለእናቱ ደብዳቤ ይጻፍልኝ አለ። ከዚያ ሲስተር ወለተማርያም ሳፋውን ይዛ ወደ እኛ መጣች።

እናቴ እግሯን ወንበሩ ሥር ደበቀች። ሲስተር በቀስታ ጎትታ አወጣችው። የእናቴ ተረከዝ የተሰነጣጠቀ ነበር፤ ሲስተር እያንዳንዱን ስንጥቅ በአውራ ጣቷ አጠበችው። ሌላ ቀን አንቺ የምትላትን ሴት ቀና ብላ፦

«እመቤቴ፣ ምን ልታዘዝዎ?»

«እመቤቴ አትበይኝ፣ ሲስተር።»

«ዛሬ ነዎት። ይዘዙኝ።»

እናቴ ወደ በሩ አየች። እትዬ ዘነበች በጃንጥላዋ ሥር አንገቷን ነቀነቀችላት። ብርቄ ጀርባዬ ላይ ተንፈራገጠች።

«እንግዲያው» አለች እናቴ፣ «ከነገ ጀምሮ ጠበል ልግባ። እዚህ ይቅርብኝ።»

ትልቋ እናት ያልገባቸው መስሏቸው ጠየቁ፤ ሲነገራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔ ያየሁት የፀሐይን ቦታ ነው። አግዳሚው ላይ ያ ክፍት ቦታ ከእናቴ ጎን ነበር፤ ወደ እሷ የሰፋ መሰለኝ። «እማዬ፣ አይሆንም!» ልል አፌን ከፈትኩ።

የቀደመኝ ጋሽ በዛብህ ነው። «እመቤት ብላችሁ ሾማችኋት። አሁን ልትሽሯት ነው?»

ሲስተር ወለተማርያም እጇን ከውሃው አላወጣችም። ከዚያ «እሺ፣ እመቤቴ» አለች። እግሯን በፎጣ አደረቀችላት፣ በጣቶቿ መሀል እንኳ። ተነሥታ ሳፋውን ይዛ ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ ከእትዬ ዘነበች ጋር ሽቅብ ወጣን። ጉሙ ከመውፈሩ የተነሣ ከፊቴ የምትሄደውን እናቴን በሳሏ ነበር የምከተለው። ጠበሉ አካባቢ ስንደርስ ከመግቢያው ወዲህ፣ አንድ ትልቅ ጥድ ሥር፣ ጥቁር ጃንጥላ አየሁ። ከጃንጥላው ሥር ሲስተር ወለተማርያም ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የላስቲክ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል።

«ይቺ ደግሞ ምን ልትሆን መጣች?» አለች እትዬ ዘነበች።

ሲስተር ተነሣች። «እመቤቴ ጠበል ልግባ አለች፣ እሺ ተባለች። እኔን አትምጪ አላለችኝም።»

እናቴ ፊቷን አዙራ አለፈች። ተጠምቃ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ስትወጣ ሲስተር ደረቅ ጋቢ ዘርግታ ጠበቀቻት። ጋቢውን ተቀበለቻት። የተዘረጋውን ሌላውን እጅ፣ ክኒን ያለበትን፣ አላየችውም። ሲስተር ክኒኑን መልሳ ጠቅልላ ጋቢውን ተቀብላ ወረደች። በነጋታው እንደገና ጥዱ ሥር ነበረች። በነጋታውም።

የእናቴ ሳል ተመልሶ ጠነከረ። ቤት ውስጥ ሌሊት ስትስል ብርቄን አቅፌ ግድግዳው ጥግ እጠጋለሁ። ማለዳ ስንወጣ መቆሚያ ቦታዎቻችን እየበዙ ነበር። እኔ ጥዱን ከሩቅ በጉም ውስጥ እፈልጋለሁ፤ ጥቁሩን ጃንጥላ ካየሁ እተነፍሳለሁ።

አንድ ማለዳ ከጥዱ ሥር ሰው ተሰብስቦ አገኘን። እናቴ ከመጠመቂያው ገና መውጣቷ ነው፤ ልብሷ ከገላዋ ተጣብቋል።

«ይቺን ሴትዮ ማን ያውቃታል?» ይላል ዱላ የያዘ ተራ አስከባሪ። «በየቀኑ ትመጣለች። አትጠመቅ፣ አትሳለም። ቁጭ ብላ ታያለች።»

«አነጋገሯን ስሙት» አለች አንዲት ሴት። «የማዶ ሰው ናት።»

«ካቶሊክም ናት!»

«ምን ልታይ ነው የምትመጣው? ማንን ልትቆጥር?»

ክቡ ጠበበ። አንዱ ጃንጥላዋን ነጠቃት፣ ዝናቡ በነጭ ሻሿ ላይ ወረደ። «ለእመቤቴ መድኃኒት ይዤ ነው» አለች።

«እመቤትሽ ማን ናት?»

ቀና ብላ በሰዎቹ ትከሻ መሀል አየችን። እናቴን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። ጣቷን ልትቀስር ትችል ነበር። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

እትዬ ዘነበች የእናቴን ክንድ ያዘች። «አስካለ፣ ዝም በይ። ነይ በታች በኩል እንውጣ።»

የእናቴን ሌላውን እጅ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ ክንዷን ከእትዬ ዘነበች አስለቀቀች። እኔንም እየጎተተች ወደ ክቡ ገባች።

«እኔ ነኝ» አለች። «በሽተኛዋ እኔ ነኝ። ሳንባ ነቀርሳ አለብኝ። እሷ አስታማሚዬ ናት፤ ልቀቋት።»

የበሽታዋን ስም በሰው ፊት ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። ሰዎቹ ከእኛ ራቅ አሉ፤ እናት ልጆቿን ወደ ኋላዋ የሳበች አለች። እናቴ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደችና ቆመች።

ጫጫታውን ሰምተው የሚያጠምቁት አባ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጢማቸው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አወራላቸው። እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና እናቴን ጠየቋት።

«መድኃኒት ታዝዞልሽ ነበር?»

«አዎን አባ። ትቼዋለሁ።»

«ስለ ምን?»

እናቴ መሬት መሬት አየች። «ሽንቴን ደም አደረገብኝ፣ አባ።»

«ደም አይደለም!» ሲስተር ጮኸች ማለት ይቻላል። «እመቤቴ፣ እሱ የክኒኑ ቀለም ነው። ለሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ይህን ፈርተው ነው? ምነው በነገሩኝ!»

ከተሰለፉት መሀል አንድ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «እውነቷን ነው። የእኔም መጀመሪያ እንዲህ አስደንግጦኝ ነበር።»

«እርስዎም ይወስዳሉ እንዴ አባባ?» አለ ተራ አስከባሪው።

«ታዲያ አንተን ላስፈቅድ ኖሯል?»

ሰው ሳቀ። ክቡ ላላ። አባ በያዙት ጣሳ ጠበል ቀዱ፣ ባረኩት፣ ለእናቴ ሰጧት። «በዚህ ዋጪው። መድኃኒትንም የፈጠረ እሱ ነው።» ሲስተር እጇን ዘረጋች። እናቴ ክኒኖቹን አንድ በአንድ ወሰደች፣ በጠበሉ ዋጠች። ከዚያ ሳትጠየቅ፣ ከልማድ የተነሣ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፏን በሰፊው ከፈተች። ሲስተር ጎንበስ ብላ አየች።

«ምላስዎን።»

አነሣች።

«ይህ ደግሞ የምን ሥርዓት ነው?» አሉ አባ።

«የእኛ ቤት ሥርዓት ነው፣ አባ» አለች ሲስተር አፏን በእጇ ሸፍና።

አባ ጃንጥላዋን ከነጠቃት ሰው ተቀብለው ሰጧት። «የኔ ልጅ፣ እዚህ ዝናቡ ይመታሻል። ከነገ ጀምሮ ከመጠለያው ሥር ተቀመጪ።»

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ከመጠለያው ሥር አገኘናት። ያ ሽማግሌም የራሳቸውን ክኒን ከኪሳቸው አውጥተው አብረው ይውጡ ጀመር፤ አፋቸውን ለማሳየት ግን እምቢ አሉ። የእናቴ ሳል ረገበ። እትዬ ዘነበች ለሲስተር ትኩስ ድንች በጨርቅ ጠቅልላ ታመጣላት ነበር፤ «ለመነኩሲትነትሽ ሳይሆን ለዳገቱ ነው» እያለች። እኔ ግን መፍራቴን አልተውኩም። ሲስተር ስትናገር ዞር ብለው የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። ጉሙ ውስጥ ቆመው የሚንሾካሾኩም።

አዲስ ዓመት ሲቃረብ፣ ዝናቡ የመጨረሻውን ኃይሉን በሚያወርድበት ሰሞን፣ መጠለያው ባዶ ነበር። ጠበቅን። እናቴ ሳትጠመቅ ቁጭ አለች። «እሷ ሳትመጣ አልገባም» አለች። በመጨረሻ ብርቄን ከጀርባዬ ተቀብላ ላከችኝ። «ሩጪ። ታማ ይሆናል። ግን ስትሮጪ እንዳትወድቂ።»

ወደ ታች ሮጥኩ። የቀበና ወንዝ ሞልቶ ከሩቅ ያገሳል። መንገዱ አጋማሽ ላይ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው አየሁ። ጋሽ በዛብህ ነው። የጋሽ ቶላን ዱላ ይዟል፤ የእግሩ ፋሻ ተፈትቶ ጭቃ ላይ ተጎትቷል፣ ቁስሉ ደምቷል።

«አንቺ ልጅ፣ እግዜር ላከሽ። ይሄ እግር ከዚህ በላይ እምቢ አለኝ።»

«ሲስተርስ?»

አልቀለደም። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር። «ትናንት ከሰዓት መኪና መጥቶ ወሰዳት። ወደ ተወለደችበት ነው አሉ።»

«መቼ ትመለሳለች?»

እጁን ደረት ኪሱ ከተተ። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። «መኪናው ላይ ስትወጣ ልብሷን አልጠየቀችም። ‹ጋሽ በዛብህ፣ ነገ ለእመቤቴ ያድርሱልኝ› ነው ያለችኝ። ትልቋ እናት ሌላ ሰው ልላክ ቢሉ፣ የታዘዝኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ብዙ አለቃ አዞኛል በሕይወቴ…» አልጨረሰውም። ጥቅሉን መዳፌ ላይ አድርጎ ጣቶቼን ዘጋቸው። «ሂጂ፣ አንቺ እግር አለሽ። ስትውጥ አጠገቧ ቁሚ። አፏን ማየት እንዳትረሺ። ምላሷንም።»

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። እናቴ ስታየኝ ተነሣች። እጄን አየች፣ ከዚያ በእኔ አልፋ መንገዱን አየች።

«እሷስ?»

ጋሽ በዛብህ ያለኝን ነገርኳት። እትዬ ዘነበች «ኧረ በሥላሴ!» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። እናቴ አላለቀሰችም። አባ ጠበል ቀድተው አመጡላት። ዋጠች።

«ክፈቺ» አልኳት።

ከፈተች።

«ምላስሽን አንሺ።»

አነሣች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንም አልነበረም። ደግሜ አየሁ።

እናቴ መድኃኒቷን ጨረሰች። ዛሬም አለች። ሐምሌ ሥላሴ በመጣ ቁጥር ሳፋዋን አውጥታ በሰፈሩ የታመመ ሰው ቤት ትሄዳለች፤ እግር ታጥባለች፣ «ምን ልታዘዝ?» ትላለች። ስትመለስ እኔን ትጠይቀኛለች፦ «ስለ ሲስተር የሰማሽው የለም?»

አሁን የኤርትራ መንገድ ተከፍቷል፣ ሰው ይሄዳል ይመጣል ይባላል። በመጀመሪያ ከዘረዘርኳቸው ሰዎች አንዱ፣ ወይም ከዘመዶቻቸው አንዱ፣ ይህን ቢያነብ ብዬ ነው የጻፍኩት። ወለተማርያም የሚባል ስም ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። የእኛዋ አጭር ናት። ግንባሯ ላይ ትንሽ የመስቀል ንቅሳት አላት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። በጦርነቱ ክረምት ቀበና ካለው የእህቶች ግቢ ነው የተወሰደችው። ያያት ወይም የሰማ ካለ እባካችሁ ንገሩን። በሕይወት አለች ወይ?